ምንጩ የሚያርፍበት ሰዓት

«ያዢው፣ ያዢው፣ ሊወድቅ ነው!»

ዱረቲ እጇን ብትዘረጋም አልደረሰችበትም። ከግድግዳው የተላቀቀው ትንሽ ካርቶን በአየር ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል ቆይቶ እግሯ ሥር አረፈ። «የተሰበረ ቧንቧ መጠገን» ይላል ጽሑፉ። በሐምሌ እርጥበት ፕላስተሩ አላጣብቅ ካለ ሰንብቷል።

«ጠጋኙ ራሱ ወደቀ በይኛ!» አሉ የለውጥ ቡድኑ ሰብሳቢ አቶ እንግዳወርቅ፣ በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው እየሳቁ።

ከጉደር አለፍ ብላ የምትገኘው የዚህች ትንሽ ከተማ የውሃ አገልግሎት፣ እንደ አገሩ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ በዚያ በ2001 ዓ.ም. ክረምት «የሥራ ሂደት ለውጥ» ላይ ነበር። የአዳራሹን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ ወረቀት አልብሰውታል። ከላይ «ለከተማው ንጹሕ ውሃ ማዳረስ» የሚል አንድ ትልቅ ሳጥን ተሥሏል። ከሥሩ ጥቂት ሳጥኖች፣ ከእነሱም ሥር ሌሎች፣ ከሌሎቹም ሥር ሌሎች። ደንቡ ቀላል ነው። ወደ ታች የሚወርድ «እንዴት?» እያለ ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ «ለምን?» እያለ ይወጣል። መልስ ያጣ ሳጥን ይነሳል። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሰውም አብሮ ይነሳል፤ ይህን ግን አሠልጣኞቹ ጮክ ብለው አልተናገሩትም።

ዱረቲ ሥዕሉን ትወደው ነበር። አምቦ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ልቧን የወሰደው ሥራ አልገጠማትም። ከተማው ሁሉ፣ ጥማቱና ጭቅጭቁ ሳይቀር፣ አንድ ግድግዳ ላይ ተዘርግቶ ሲታያት ደስ ይላታል። ዛሬ ግን ዓይኗ ከአንድ ነገር ላይ አልነቀል ብሏል። ሥዕሉን ዙሪያውን የከበበው ቀይ መስመር የሚጀምረው ከማጠራቀሚያ ጋኑ ነው። ከጋኑ በላይ ባዶ ወረቀት ነው።

«ጋሼ እንግዳ፣ ምንጩ የት ገባ?»

«ምንጭ ተፈጥሮ ነው እንጂ ሂደት አይደለም። ከድንበሩ ውጭ ነው።»

«አባቴስ?»

አቶ እንግዳወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። የዱረቲ አባት ኦቦ ኤጄታ ምንጩ ከተገነባ ጀምሮ ኮረብታው ላይ ናቸው፤ ማንም አልቀጠራቸው፣ ማንም አላሰናበታቸው። ሁልጊዜ ንጋት ላይ የምንጩን መዝጊያ ይዘጋሉ፣ ውሃውን ጥቂት ያሳርፉታል፣ ቅጠልና ደለሉን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይለቁታል። በዚያ ሰዓት ከተማው ውስጥ ቧንቧ ሁሉ ይደርቃል። ቡድኑም ይህንኑ «የንጋት መቋረጥ» ብሎ ከሚወገዱ ችግሮች መሃል አስፍሮታል።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኦቦ ኤጄታን ሥዕሉ ውስጥ ካስገባናቸው መደብ ይከፈታል። መደብ ከተከፈተ ማስታወቂያ ይወጣል፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ጎረምሳ ይመጣል፤ እሳቸው በቃዎት ይባላሉ። ውጭ ቢቀሩ ግን ማንም አይነካቸውም። አንቺም የደንበኞች አገልግሎት ሂደት ባለቤት ሆነሽ ስምሽ ተለጥፏል። ነገ አምቦ ወስደን ለዞኑ እናቀርበዋለን፣ አለቀ።»

«ንጋት ላይ አይዘጋም ካልን ግን ያው ነካናቸው ማለት ነው።»

«እንዲያው አንቺ ደግሞ! የምንጩ ጠባቂ ልጅ ሆነሽ ጠዋት ጠዋት ፊትሽን ሳትታጠቢ የምትመጪ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት አንቺ ነሽ።»

ሰዉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ወረቀቱ ሥር ቀረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዓይኗ ከበዳት፤ ግድግዳውን ተደግፋ አንቀላፋች። በሰመመኗ ሳጥኖቹ ሁሉ ውሃ ሞሉ። ከሳጥን ወደ ሳጥን እየተንደረደረ ይወርዳል፤ እሷም «ለምን? ለምን?» እያለች ሽቅብ ትወጣለች። ከትልቁ ሳጥን አልፋ ባዶው ወረቀት ላይ ስትደርስ አባቷን አገኘቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀምጠዋል። ብትጣራም አልዞሩላትም።

ደንግጣ ነቃች። ጃንጥላዋን አንስታ ኮረብታውን ተያያዘችው።

ዝናቡ አባርቶ ጉም ባሕር ዛፎቹ ሥር ተኝቷል። ኦቦ ኤጄታ የምንጩ ግንብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ልክ በሰመመኗ እንዳየቻቸው። ከኋላቸው ቀስ ብላ ተጠጋች።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ ምነው በዚህ ጭቃ?» አሉና ዞሩ።

እፎይ አለች። አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱ ሁልጊዜም በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት።

«አባ፣ ውሃውን ለምንድን ነው የምታሳርፈው?»

«ዛሬ ምን መጣ?»

«መሥሪያ ቤት ጠየቁኝ።»

«እኔ እንጃ። አባቴ ያሳርፈው ነበር፤ ያን ጊዜ በድንጋይና በሣር ነበር የሚዘጋው። በሬ እንኳ ቀንበር ይወርድለታል። ደለሉ ይረጋል መሰለኝ። ወይም የለመድኩትን ነው የማደርገው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ዛሬ አላሳረፍኩትም።»

«እኮ! ለዚህ ነዋ ዛሬ ውሃ ያልተቋረጠው።»

«የመዝጊያው መዘውር አልዞር አለኝ። እጄ እምቢ አለ። ተቀመጥኩና ዝም ብዬ አየሁት፤ ሲወርድ፣ ሲወርድ። ማንም አልጠየቀኝም። ደስ ያላቸው እንኳ ይኖራሉ።» ጣታቸውን ጋቢው ውስጥ ደበቁ። «ጌታ ሲጠራኝ መሄዱን አልፈራም፣ ዱረቲ። ይህ ነገር ግን ከእኔ ጋር እንዳይቀበር እፈራለሁ።»

ዱረቲ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ፈልጋ ያዘችው። ከልጅነቷ ጀምሮ በየንጋቱ የበሩን መከፈት ሰምታ፣ ብርድ ልብሷን አናቷ ላይ ስባ መልሳ ትተኛ ነበር። አንድም ቀን ተከትላቸው ወጥታ አታውቅም። ከታች ከተማው ጉሙ ውስጥ ገብቶ አይታይም፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ወደዚያ ይወርዳል።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ አቶ እንግዳወርቅ ወረቀቱን ለመጠቅለል ከአንድ ጫፍ ማላቀቅ ጀምረው ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ አፍታ።»

ቀዩን ማርከር አንስታ ወንበር ላይ ወጣች። የድሮውን መስመር ሰርዛ ሌላ አሠመረች፤ ከጋኑ በላይ፣ ከባዶው ወረቀት በላይ፣ እስከ ጫፍ። «የንጋት መቋረጥ» የሚለውን ካርቶን ላጠችና ጀርባውን ገልብጣ «ምንጩን መጠበቅና ማሳረፍ» ብላ ጻፈችበት፤ አዲሱ ቦታ ላይም ለጠፈችው። ከዚያ ወርዳ ከደንበኞች አገልግሎት ሳጥን ላይ ስሟን አነሳች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ባለቤቱም ፈጻሚውም እኔ ነኝ። መደቡ ሰው ካለው ማስታወቂያ አይወጣም፤ አባቴንም በቃዎት የሚላቸው የለም።»

«ደህና ወንበር ትተሽ ጭቃ ለጭቃ? የተማርሽው ለዚህ ነው? ደግሞ አምቦ ‹ማሳረፍ› ማለት ምን ማለት ነው፣ ምን ጥቅም አለው ቢሉሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

«ገና አላውቀውም። አውቄ እነግራቸዋለሁ።»

አቶ እንግዳወርቅ ወደ ካርቶኑ ተጠጉ። ይላጡታል ብላ ጠበቀች። ፕላስተሩን አንስተው ቁራጭ ቀደዱና የተነሳውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አጠበቁት። «ይህ እርጥበት አያስተማምንም» አሉ። «መኪናው ጠዋት አንድ ሰዓት ይነሳል። እንዳትቀሪ።»

ማታ እራት ላይ አባቷ ለነገ አምቦ የምትለብሰውን አዘጋጅታ እንደሆነ ጠየቋት። ዱረቲ አዎ አለች። ከዚያ ተነስታ የበሩ ጥግ፣ ከእሳቸው ቦት ጫማ አጠገብ፣ የራሷን ቦት ጫማ አቆመች።

«አባ፣ ንጋት ላይ ስትወጣ ቀስቅሰኝ።»