ለሰኞ ያደረ ጨዋታ

"ቦስ የለም፣ ጋሼ። ቦሪ መንደር ሄዷል፤ ፍየል ሊገዛ።"

ረምዚያ ይህን ያለችው ወልደየሱስ ገና ከቦዳ ቦዳው ሞተር ብስክሌት ወርዶ ሂሳቡን ሳይከፍል ነው። ማንን ፈልጎ እንደመጣ እንኳ አልጠየቀችውም። የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ በሁለት እጇ ይዛ የሆቴሉ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ግን እሱን ትቶ ማዶ የቆመ ሎሪ ላይ ነው። በዚህ ሆቴል ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ መዋሸት ግን እስካሁን አልለመደላትም።

"መቼ ሄደ?"

"ጠዋት።"

"ጠዋት በስልክ አውርተናል እኮ! 'ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሄሉ እገኛለሁ' ነው ያለኝ። አሁን ዘጠኝ ተኩል አለፈ፤ ስልኩም ዝግ ነው።"

"ፖሌ፣ ጋሼ፣" አለች ረምዚያ። ይቅርታው እንኳ ከልቧ ነበር።

ወልደየሱስ ልብስ ሰፊ ነው። ያን ሰኞ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ የዋለው ለአንድ ልጁ ለዮፍታሄ የኬንያ መታወቂያ ነበር። ሄሉ በሚባለው ሰፈር፣ በአካባቢው ሹም በቺፉ ቢሮ ውስጥ፣ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ተቀምጦ መታወቂያ የሚያወጡትን ወጣቶች እየመረመረ ነው። እንደ ዮፍታሄ አባቱ ከኢትዮጵያ በስደት የመጣ ልጅ፣ እዚሁ መወለዱን የሚመሰክርለት አንድ የታወቀ የከተማ ሰው ማቅረብ አለበት። ምስክር ያላቀረበ የሚቀጥለውን ስብሰባ ይጠብቃል። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ያለፈው ከተካሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሜሩ ያለው የመምህራን ኮሌጅ ግን የዮፍታሄን ቦታ የሚይዝለት እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። መታወቂያ ከሌለው ሜሩ ቀርቶ ማርሳቢትም አይደርስ፤ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱታል።

የልጁ ተራ አሥራ አራተኛ ነው። ወልደየሱስ ምስክሩን ፍለጋ ሲወጣ ዘጠነኛው ገብቶ ነበር።

ምስክሩ የዚህ ሆቴል ባለቤት፣ ኃይለማርያም ነው። ሌላ ማን ሊሆን! ዮፍታሄን ክርስትና ያነሳው፣ የወልደየሱስ አበልጅ፣ የልጁ እናት ብዙወርቅ ያረፈች ዕለት "የዮፍታሄን ነገር ለእኔ ተዉት" ብሎ ከሰው ሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

ወልደየሱስ ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ሲል ከጓዳው በኩል የቴሌቪዥን ድምፅ ሰማ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ያንሾካሹካል፤ በሽተኛ የተኛበት ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። ወልደየሱስ ጆሮውን አቀና። እግር ኳስ የሚያስተላልፈው ይጮሃል፣ ቦክስ የሚያስተላልፈውም ይጮሃል፣ ፓርላማውማ አይነሳ። እያንሾካሾከ የሚያስተላልፍ የጎልፍ ጋዜጠኛ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ በመላው ሞያሌ ከወልደየሱስ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

"ቦሪ ቴሌቪዥን ገባ እንዴ?" አላት።

ረምዚያ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ? 'ወልደየሱስ ከመጣ እንዲህ በዪው' አለኝ።"

ወልደየሱስ ናይሮቢ በስደት በኖረበት አሥራ አንድ ዓመት እንጀራውን የበላው ከጎልፍ ሜዳ ነው። ካዲ ነበር፤ የሀብታሞቹን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ ከጉድጓድ ጉድጓድ ይከተላቸዋል። ቆይቶ ሣሩን አይቶ ኳሱ ወዴት እንደሚታጠፍ መናገር ቻለና ጌቶቹ ከመምታታቸው በፊት ወደሱ ዞር ማለት ጀመሩ። አንድም ቀን የማያውቀውን አውቃለሁ አላለም፤ ያወቀውንም አልደበቀም። ሞያሌ ከገባ በኋላ ግን ስለዚያ ሙያው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ኃይለማርያም ስልኩ ላይ ቤቲንግ ጀምሮ በእግር ኳስ ሲከስር ነው ትዝ ያለው። "ጎልፍም አለ፤ አንተ ታውቅ የለ?" አለው። ወልደየሱስ ራሱ አምስት ሳንቲም አስይዞ አያውቅም። ተጠያቂ መሆኑ ብቻ ደስ አሰኘው።

አሁንም አሜሪካ ለሚካሄደው የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ስም የጠራለት እሱ ነው። "ያንን ቀጭን አርጀንቲናዊ ያዝ፤ ማንም አልቆጠረውም፣ ግን ሣር ያነባል" ብሎታል። ውድድሩ እሑድ ማለቅ ነበረበት። መብረቅና ዝናብ አቋረጠውና የቀሩት ሁለት ጉድጓዶች ለሰኞ አደሩ፤ በሞያሌ አቆጣጠር ለዘጠኝ ሰዓት።

የጓዳው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ወልደየሱስ ሲያንኳኳ ሹክሹክታው ቀጥ አለ።

"ኃይለማርያም፣ ድምፁን ብታጠፋው ሰምቻለሁ። ክፈት!"

መቀርቀሪያው ተነሳ። ኃይለማርያም በካልሲው ቆሟል። ወልደየሱስን ሲያይ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ።

"እንኳን መጣህ! ያንተ ሰውዬ ሊያሸንፍ ነው እኮ! ና ተቀመጥ፤ የመጨረሻው ጉድጓድ ነው።"

"ልጁ ሰልፍ ላይ ነው።"

"እደርሳለሁ።"

"ቦሪ ሄዷል ተብያለሁ።"

ኃይለማርያም አንገቱን አከከ። "ብትመጣ እንደምትጎትተኝ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ? ዝናቡ ነው ያበላሸው። ትናንት ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ከማለዳው ሄሉ ነበርኩ። ሃያ ሺህ ሽልንግ አስይዣለሁ፤ ሃያ እጥፍ! አራት መቶ ሺህ ነው አበልጄ፣ ለዮፍታሄም ከዚያው ላይ..."

"ዮፍታሄ ገንዘብ ጠየቀህ? 'አውቀዋለሁ' እንድትል ነው የለመነህ።"

"ኮሚቴው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጣል።"

"ስሙ ተጠርቶ ምስክሩ ከሌለ ፋይሉን ይዘጉታል። ይህንን የነገርከኝ አንተ ነህ።"

የኃይለማርያም ዓይን ወደ ቴሌቪዥኑ ሾለከ።

ወልደየሱስ የበሩን መቀርቀሪያ አየ። ሰው ይረሳል፤ ሰው ይታመማል፤ መኪና ይበላሽበታል። ይሄ ግን ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ ስልኩን ዘግቶ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ የምትዋሽለት ሠራተኛ ደጅ አቁሞ ነው የከዳው። ሃያ ዓመት አንድ ትሪ ላይ የበላ ሰው! ደግሞ ያስቀረው የወልደየሱስ የራሱ ምክር ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና እንሄዳለን፣" አለ ኃይለማርያም ለቤቲንግ ብቻ የያዘውን ሁለተኛ ስልኩን እያስጠጋ። "ካሽ አውት፣ ጨዋታው ሳያልቅ ብወጣ፣ መቶ አሥር ሺህ ይለኛል። አሁን ብነካው መቶ አሥሩ የኔ ነው። ብተወውና ኳሷ ብትገባ አራት መቶ። ሰውዬው ከሳተ ግን እኩል ነጥብ ከያዘው አሜሪካዊ ጋር ተጨማሪ ጉድጓድ ይጫወታል፤ እዚያ ላይ አለቀልኝ። ሣሩን እየው። አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።"

ወልደየሱስ ማየት አልፈለገም፤ ዓይኑ ግን ልማዱ ነውና አየ። ከኳሷ እስከ ጉድጓዱ አራት ሜትር ቢሆን ነው። ሣሩ ከቀኝ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዝናቡ ስላራሰው ግን ኳሷ ብዙ አትታጠፍም። አርጀንቲናዊው ጉድጓዱን ዞሮ ከበስተኋላው ቁጢጥ አለ። ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ከጉድጓዱ ቀኝ ጠርዝ አንድ መዳፍ ወጣ ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ወልደየሱስም ቢሆን የሚያሳየው እዚያው ነበር። ይህች ኳስ ትገባለች።

"እ?" አለ ኃይለማርያም። ፊቱ ላይ አንዲት ጥርጣሬ የለችም። ልጁን ለአንዲት ኳስ ትቶበት ሲያበቃ የአባትየውን ዓይን ግን ያምናል።

"ይስታል፣" አለ ወልደየሱስ። "በግራ በኩል ታልፋለች። አውጣው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ዋሽቼህ አውቃለሁ?"

ኃይለማርያም ስልኩን ነካ። ወልደየሱስ ተጫዋቹ ዱላውን ሳያነሳ ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

"ገንዘብህን ይዘሃል፤ ከዚህ በኋላ ምን ታያለህ? ጫማህን አድርግ።"

ሁለቱም አንድ ቦዳ ቦዳ ላይ ተሳፍረው ሄሉ ሲደርሱ በር ላይ የቆመው ጸሐፊ የዮፍታሄን ስም ለሁለተኛ ጊዜ እየጠራ ነበር። ልጁ የልደት ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ መንገድ መንገዱን ያያል። ወልደየሱስ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።

ቺፍ አዳን ስልክ እንዲዘጉ አዘዛቸው። ከአጠገቡ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው ሙዜ ሶራ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ኃይለማርያምን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

"ይሄ ልጅ፣ አንተ ታውቃለህ?"

"ከአርባ ቀኑ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ ሙዜ። ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። እዚሁ ሞያሌ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እናቱንም እዚሁ ቀብሯል። ሌላ አገር አያውቅም።"

"አባትዬውስ?"

"አባቱማ፣" አለ ኃይለማርያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ከአፉ ውሸት የማይወጣ ሰው ነው።"

ምስክርነት ያምርበታል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወልደየሱስ መሬት መሬቱን አየ። ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ይህን ሲሰማ ዕንባው ይመጣ ነበር። ሙዜ ሶራ ለቺፉ በቦረንኛ አንድ ነገር አለ፤ ቺፉ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ፣ ወረቀቱም ወደ ማርሳቢት ከሚላኩት ጋር ታስሮ ተቆለፈበት።

ውጭ ሲወጡ ዮፍታሄ የክርስትና አባቱን ትከሻ ደጋግሞ ሳመ። ኃይለማርያም መረቀውና፣ ልጁ ጓደኞቹን ሊያነጋግር ፈንጠር ሲል ያንን ሁለተኛ ስልኩን ከፈተ። ወልደየሱስ ፊቱ ሲለዋወጥ ቆሞ አየው።

"ገብታለች፣" አለ ቀስ ብሎ። "አርጀንቲናዊው ዋንጫውን ወስዷል።"

ወልደየሱስ ፊቱን ዮፍታሄ ወዳለበት አዞረ።

"ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ ሽልንግ ከእጄ ወጣ።" ኃይለማርያም ስልኩን ደጋግሞ አየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና እጁን ወልደየሱስ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። "ይሁን። አንተም ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል። አልቀየምህም፣ አበልጄ።"

ወልደየሱስ "አዎ፣ ተሳሳትኩ" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ለፋሲካ እንደ ወትሮው አብረው ይገድፋሉ፤ የሆቴሉን መጋረጃ መስፋቱ ይቀጥላል፤ ለከርሞም ሣር እያየ ስም ይጠራለታል። በር የቀረቀረበት ሰው ምሕረት አድርጎለታል፤ የሚቀረው አመስግኖ መቀበል ብቻ ነው። የተከዳው እሱ፣ ይቅር የሚባለውም እሱ! ይህንን መዋጥ አቃተው።

የኃይለማርያምን እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

"አልተሳሳትኩም፣" አለው። "እንደምትገባ አውቅ ነበር።"

ወልደየሱስ መልሱን ቆሞ አልጠበቀም። "እንውሰዳችሁ" እያሉ ለከበቡት ቦዳ ቦዳዎች እጁን አወዛውዞ፣ ልጁን ጠራና ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ።