ቀድሞ የመጣ ሽበት

በዚያ ቤት ስለ ሽበት ሁለት ታሪክ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቤት ሲቀባ የኖረው አባት «እኛ ዘንድ ሽበት ቀድሞ የሚመጣው ጥበብ ቀድሞ ስለሚመጣ ነው» ይላል። የእሱ አባት ገና በጎልማሳነቱ ራሱ ጥጥ መስሎ፣ የተጣላ ሁሉ አስታርቀን እያለ ደጁን ይጠናው ነበር። ዶክተሯ ደግሞ ሽበቱ የመጣው የሰውነታቸው ሕዋሳት ቶሎ ስለሚያረጁ ነው ትላለች። ፀጉሩ ያው አንድ ነው፤ አንዱ ዘውድ ይለዋል፣ ሌላዋ የበሽታ ምልክት።

ሁለቱ ታሪኮች ፊት ለፊት የተገናኙት ሆስፒታል ውስጥ፣ አባት፣ እናትና ታላቅ እህት በተሰበሰቡበት በታናሹ ልጅ አልጋ ዙሪያ ነው። ሰፈሩ «ጉልቤ» የሚለው ይህ ልጅ፣ ከአባቱ ጋር ሲሠራ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ደረጃ ይወጣ ነበር። አሁን ትራሱን ማስተካከል እንኳ አቅቶታል። መቅኒው ደም መሥራት እያቆመ ነው።

«እስቲ እኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ፣ ልጄ» አለ አባት።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ወለል ቀብተው ያውቃሉ?»

«ስንቱን!»

«ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን፣ ማለት የሥራ መመሪያውን ይገለብጣል። ገልባጩ እንደ ቀለም ቀቢ ነው፤ መቆሚያ ይፈልጋል። የቆመባት የመጨረሻዋ ቦታ ሳትቀባ ትቀራለች።»

«ለምን ትቀራለች? ወደ በሩ እያፈገፈጉ ቀብቶ መውጣት ነው እንጂ!»

«ክፍሉ በር ባይኖረውስ?»

አባት አገጩን እያሻሸ «እሱ እንኳ ችግር ነው» አለ።

«አዎ፣ ስለዚህ በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ ትንሽ ያጥራል። ደግነቱ ጫፉ ላይ ያለው ትርፍ ነው፤ ቴሎሜር እንለዋለን። ትርፉ ሲያልቅ ሕዋሱ መከፈል ያቆማል። ሁላችንም የምናረጀው በከፊል በዚህ ነው። መቅኒ ግን ዕለት ዕለት ደም ስለሚሠራ፣ ያጠረውን እየቀጠለ የሚሞላ ሠራተኛ አለው። በእናንተ ዘር ይሄ ሠራተኛ ሰነፍ ነው።»

«በእኛ ዘር ሰነፍ የለም!»

«አባዬ፣ እኔን ረሳኸኝ?» አለ ጉልቤ ከተኛበት።

ሁሉም ሳቁ። ያልሳቀችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት። መቅኒዋ ከእሱ ጋር ልክክ ብሎ ገጥሟል ተብሏል። የቀረው የሕዋሷን ጫፍ መለካት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደሟ ሩቅ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ በሽታው አይጠብቅም።

«የዘሩ ምልክት ከሌለባት በዚህ ሳምንት መቅኒዋን ወስደን ለእሱ እንሰጣለን» አለች ዶክተሯ። «ጥርጣሬ ካለ ግን ከእሷ አልወስድም። ጫፉ ያለቀ መቅኒ ለእሱ አይበቃውም፤ ለራሷም ይጎድልባታል። ያኔ ወደ እናቱ ነው የምንሄደው። የእናቱ የሚገጥመው በግማሽ ስለሆነ ሕክምናው ይከብዳል፤ ግን ይቻላል። እሳቸው ከዚህ ዘር ስላልሆኑ ጫፋቸው አያሰጋኝም። ለመሆኑ ልጅቷ ያለ ዕድሜዋ ሸብታለች?»

«እሷ?» አለ አባት። «ፀጉሯን አታዪም? ከሰል!»

ከሰሉ ግን የእጇ ሥራ ነበር። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ ደንበኞቿን ከሸኘች በኋላ ሳሎኗን ቆልፋ የራሷን ትቀባለች። የዘሩ ጥበብ ለወንዶቹ ነበር፤ ሴት ስትሸብት ሰፈሩ የሚላት «አረጀች» ነው።

አሁን ዝም ብትል ጉልቤ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም መቅኒ ያገኛል፤ እሷም ወንድሟን ያዳነች እህት ትባላለች። ሽበቷ ደግሞ ምናልባት እንዲያው ሽበት ነው፤ በወጣትነታቸው ሸብተው ጤነኛ የሆኑ ስንት ደንበኞች አሏት። ምናልባት። ግን ደንበኛ ራስ ላይ እንኳ «ምናልባት» ብላ ቀለም ቀብታ አታውቅም።

«እቴ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለ ጉልቤ። «መቅኒሽን ወስጄ እንዳንቺ ለፍላፊ እንዳልሆን ስሰጋ፣ ጭራሽ አንቺ ዲዳ ሆንሽ!»

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ፀጉሯን መሐል አናቷ ላይ በጣቶቿ ከፈለችና ለዶክተሯ ጎንበስ አለች። «ሥሩን ይዩልኝ።»

ሥሩ ነጭ ክር ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባት ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ያንተ ጥበብ ነው፣ አባዬ። ደብቄው ነው የኖርኩት።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ» አለ ጉልቤ፤ «ሲሸብትም አይታወቅም ለካ!»

አባት ግን አልሳቀም። «ጥቂት ዘለላ ነው እኮ፣ ልጄ። ሙሉ ለሙሉ ገጥሟል ተብሎ የለ? ወንድምሽ ነው! ባላየ እንለፈው።»

አልጋው ግርጌ የቆመችው እናት እጅጌዋን መጠቅለል ጀምራ ነበር።

ልጅቷ ቀና አለች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገችና ወንድሟን ትኩር ብላ አየችው።

«ወንድሜ ስለሆነ ነው፣ አባዬ። ዶክተር፣ እኔ አልሰጥም። እማዬ ትስጠው። የእኔንም ደም ዛሬውኑ ቅዱና ጫፉን አስለኩልኝ፤ ውጤቱን እዚሁ፣ ሁላቸውም ፊት እሰማለሁ።»