ወይዘሮ ባየሽ ሽማግሌ ላኩ

ወይዘሮ ባየሽ ከልጃቸው ቤት መውጣት የፈለጉት ከፍቷቸው አይደለም። ችግሩ ይህን የሚያምን ሰው አለመገኘቱ ነው።

ባሕር ማዶ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ቡሪየን ያለው የማህደር ቤት ሰፊ ነው፣ ፍሪጁም ሙሉ ነው። ማህደር ጠዋት ወደ ኤርፖርት ሥራዋ ስትወጣ "እማዬ፣ ምንም እንዳትነኪ" ትላለች። ወይዘሮ ባየሽ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ምንም ሳይነኩ መዋልን ሙያ አድርገውታል። አውሮፕላን ሲያርፍ ይቆጥራሉ። አንድ ማክሰኞ መቶ አርባ ላይ እንቅልፍ ጣላቸው፤ ያመለጧቸው አውሮፕላኖች እስከ ዛሬ ይቆጯቸዋል።

ጓደኛቸው ወይዘሮ ጽጌ ግን ኖርዝጌት፣ አረጋውያን ብቻ የሚኖሩበት ሕንጻ ውስጥ ናቸው። ሲደወልላቸው ሁልጊዜ ይቸኩላሉ። "ቶሎ በይ ባየሽ፣ ስፖርት አለብኝ።" ሌላ ቀን ደግሞ "ኮሪያዊቷ ጎረቤቴ ካርታ ታጭበረብራለች፣ ልያዛት" ብለው ይዘጋሉ። ሰሞኑን እዚያው ሕንጻ ላይ አንድ ክፍል ተለቀቀ። ቢሮው የሚጠብቀው እስከ ዓርብ ነው።

ወይዘሮ ባየሽ ነገሩን ሁለት ጊዜ አንሥተውት ነበር። መጀመሪያ ሲያነሡ ማህደር አለቀሰችና በማግስቱ ቁልፍ ሲጫኑት የሚንጋለል ወንበር ገዛች። ሁለተኛ ሲያነሡ "ምን አጎደልኩብሽ?" ብላ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን አስገባች። ለሦስተኛው ቤቱ ቦታ የለውም። ዝም ብሎ መሄድ ደግሞ አይሆንም፤ "እናቷን አውጥታ ጣለች" የሚለው ወሬ ቅዳሴ ሳይገባ ቤተ ክርስቲያኑን ሁለቴ ይዞራል።

ስለዚህ አገር የሚያውቀውን አደረጉ። ሽማግሌ ላኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክራባት ያሰሩ ሦስት ሰዎች ማህደር ሳሎን ውስጥ ቆሙ። መሪው ጋሽ መልከጸዴቅ ናቸው፤ ኮሎምቢያ ሲቲ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከማልና ከታክሲ ጡረታ የወጡት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ግራና ቀኝ ሆነዋል።

"ኧረ ተቀመጡ" አለች ማህደር።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ማህደር ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ዓይኗ ሶፋው ላይ ወደተጋደመችው የሃያ አራት ዓመት ልጇ ሄደ። ሩሐማ ስልኳን አስቀመጠች። "ማሚ፣ አይ ስዌር፣ አላውቃቸውም።"

ወይዘሮ ባየሽ ከሚንጋለለው ወንበር ላይ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

"የመጣነው" አሉ ጋሽ መልከጸዴቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "በቤትሽ የምትኖረውን፣ በሥርዓት ያደገችውን፣ ሙያዋ የተመሰከረላትን..."

"ገና ማስተርሷን አልጨረሰችም" አለች ማህደር።

"...እናትሽን ልንጠይቅ ነው።"

አንድ አውሮፕላን አለፈ፤ ወይዘሮ ባየሽ ከልማድ ቆጠሩት።

"ሶ... ለማን ነው?" አለች ሩሐማ።

"ኖርዝጌት ላለው ሕንጻ። አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር ያለው።"

"ጠባዩንም አጣርተናል" አሉ ጋሽ ከማል። "ሲጋራ እንኳ አያስጨስም።"

ማህደር ወደ ወንበሩ ዞረች። "እማዬ፣ አንቺ ነሽ የላክሻቸው?"

"ታዲያ ራሴው ለራሴ ልጠይቅ? ነውር አይደለም?"

"ጠልተሽኝ ነው?"

"ጠልቼሽ ቢሆን ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል፣ ባቡር እይዝ ነበር። ልጄ፣ አንቺ ቤት የሌለ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ የሌለው ሰው ነው። አንቺ ሥራ አድክሞሽ ትመጫለሽ፣ እኔ ሥራ መፍታት አድክሞኝ እጠብቅሻለሁ፤ እራቱ ሳይቀርብ ሁለታችንም እናንጎላጃለን።"

ማህደር ልታለቅስ ነበር፤ ዓይኗ እንደቆሙ በቀሩት ሦስት ክራባቶች ላይ ሲያርፍ ሳቋ ቀደመ። እንባዋን ጠረገችና ኮስተር አለች።

"ወግ ከሆነ ወጉ ይጠበቅ። ዘመድ እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።"

"ቀኑ ዓርብ ነው" አሉ ወይዘሮ ባየሽ፣ ለሙሽራ በማይገባ ፍጥነት።

ማህደር ወደ ሶፋው ዞረች። "እሺ ዘመድ፣ ምን ትያለሽ?"

ሩሐማ አሰበች። "ኦኬ። ባት እሑድ እሑድ እዚህ ትምጣ።"

"እንግዲህ ሰጥተናል" አለች ማህደር። "አሁን ተቀመጡ።"

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ገና ሳይደላደሉ ሌላ የተለቀቀ ክፍል ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ባየሽ ገቡ፤ ወንበሩም አብሯቸው ተሸኘ። በሽማግሌ የተጠየቀች እናት ተጣለች የሚል ሰው በቤተ ክርስቲያኑ አልተገኘም። በሳምንቱ እሑድ ማህደር ዶሮ ሠርታ እናቷን መልስ ጠራች። ሽማግሌዎቹም ነበሩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ ባየሽ ቦርሳቸውን ፈለጉ።

"ምነው እማዬ፣ ገና አልተጫወትንም እኮ።"

"አድርሱኝ። ያቺን ኮሪያዊት ጽጌ ብቻዋን አትችላትም።"