የወንዴ አንደበት

ወንዴ ከጉርምስናው ጀምሮ ላሊበላ ውስጥ ፈረንሳዮችን ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ እንኳ ቋንቋው እንዳይጠፋበት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ይለማመድ ነበር። ሚስቱ ውባንቺ «ማን ሊሰማህ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ወልድያ ወስደው አሳከሙት፤ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን ተያዙ። ሰኔንና ሐምሌን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም።

በፍልሰታ ጾም ውባንቺ አጥሚት ስታጠጣው ድንገት ተናገረ። በፈረንሳይኛ ነበር። እልል ብላ ጎረቤት ጠራች፤ የሥራ ጓደኛውን አዳምንም አስጠራች። አዳም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«ምን አለኝ?»

«እታለም…»

«ንገረኛ!»

«በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ራሳችሁን ጠብቁ፤ ጫማችሁን እዚህ አውልቁ። ለእንግዳ የምንለውን ነው የሚለው።»

«ለእኔስ?»

አዳም ለወንዴ ጋቢውን አልብሶት ተነሣ።

ሐኪሙ በቀጠሯቸው ቀን አስረዳት። «ደጋግሞ የሸመደደውና አስቦ የሚናገረው አንጎሉ ውስጥ አንድ ቦታ አይቀመጡም። የተጎዳው አስቦ የሚናገርበት ነው።»

ይህ ገባት። አባቷ ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ፍቺውንም ሳያውቁ፣ የግእዙን ጸሎት እንደ ውኃ ያወርዱት ነበር።

«የምለውንስ ይሰማል?»

«ሁሉንም ይሰማል፣ እህቴ።»

ምነው ባልሰማ፣ አለች በልቧ።

ልታስተምረው ሞከረች። ብርጭቆ አንስታ «ውኃ በል፣ ወንዴዬ። ው… ኃ» አለችው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሩን አላበው። የወጣው ያው ፈረንሳይኛ ነበር። የገዛ ድምፁን ሲሰማ ብርጭቆውን በግራ እጁ መትቶ ከግድግዳ አላተመው።

ሌላ ቀን ጠያቂዎች መጡ። «ጤና ይስጥልን» ሲሉት እሱ ማስጎብኘቱን ጀመረ፤ አንዷ ሴት ሳቅ አመለጣት። ክፋት አልነበረባትም፤ ደንግጣ ነው። ወንዴ አያት፤ ንግግሩን መሐል ላይ ቆርጦ አፉን ገጠመ። ከዚያ ወዲያ በፈረንሳይኛም አልተናገረም።

ገና ሲደርስ ከተማው በምእመናን ተጨናነቀ፤ ዝማሬው እቤታቸው ድረስ ይሰማል። ውባንቺ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ያንኑም ቢሆን በለኝ» አለችው። «ባይገባኝም ግድ የለም፤ ድምፅህን ልስማ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደህናውን እጁን አንስቶ ጉንጯን ዳበሳት። አፉን ግን አልከፈተም።