ድምፁ የሚነሳበት

ዲያቆን እንድርያስን «እንግሊዝኛ አያውቅም» ብሎ የሚያማው ሰው ውሸታም ነው። ያውቃል እንጂ! ችግሩ ረጅም ቃል ሲገጥመው ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ተራራው ላይ ያለውን ውቅር ቤተክርስቲያን ለፈረንጅ ሊያስረዳ ይነሳና «አርኪኦሎጂካል» ላይ ሲደርስ ቃሉን ሁሉ እኩል እየረገጠ ያልፋል። ፈረንጁም «ሶሪ?» ይላል። በዚሁ የተነሳ የአስጎብኚነት ፈቃድ ፈተና አንዴ ወድቋል። ሁለተኛው የመጨረሻው ነው፤ ይህም ካመለጠው ዕድሜ ልኩን የሌላ አስጎብኚ ቦርሳ ተሸክሞ መቅረቱ ነው።

ጎረቤቱ ዮዳሄ ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታጠናለች። አዘነችለትና በረንዳ ላይ አስቀምጣ ቃሉን ቆራረጠችለት፤ አር፣ ኪ፣ ኦ፣ ሎ፣ ጂ፣ ካል።

«አንዱን ብቻ ጫን በል፤ ‹ሎ›ን!» እያለች አጨበጨበች። እሱ ሁሉንም እኩል አጨበጨበ።

«ኧረ በማርያም! ንባብ ቤት ስትማሩ ተነሽና ወዳቂ የምትሉት አነባበብ የለም እንዴ?»

ትዝ አለው። ልጅ ሳለ የኔታ ግዕዝ ሲያስነብቡት፣ ድምፁ የሚነሳበትን ቦታ እጁን ሽቅብ እያነሳ ነበር የያዘው። አሁንም እጁን አነሳና «አርኪኦሎጂካል» አለ። ሎ ከእጁ ጋር ከፍ አለች። ዮዳሄ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ ወዲህ እጁ አላረፈም። ታክሲ ውስጥ ሲለማመድ ረዳቱ እጁን እያየ «ወራጅ አለ!» ብሎ ስንቴ አስቁሟል።

የፈተናው ቀን ግን የፈታኞቹ ሰብሳቢ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ገና ከመጀመሩ «እጅህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ፤ የምትለውን እንዳልሰማ አደረግከኝ» አሉት። እጁን አሳረፈ። እጁ ሲታሰር ድምፁም አብሮ ታሰረ። በዚህ ላይ «ክሪስቺያኒቲ» መጣ፤ ከዮዳሄ ጋር ያልደረሱበት ቃል። በልቡ ቆራረጠው፤ ክሪስ፣ ቺ፣ አ፣ ኒ፣ ቲ። የምትነሳው አ ትሆን? ሲጨንቀው በእጁ ፋንታ እግሩን አነሳ። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። በየረጅሙ ቃል ጫማው ወለሉን ይመታ ጀመር።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እግሬ ነው፣ እናቴ።» አበቃልኝ ብሎ አቀረቀረ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ስር አዩና ቀና አሉ። «ለመሆኑ እንግዶቹን ወደዚያ ተራራ የምትወስዳቸው በምንድን ነው?»

«በእግር ነው።»

«እንግዲያው ከእንግዶቹ ኮቴ መሃል ያንተን ማን ይሰማዋል!» አሉና ፈቃዱ ላይ ፈረሙ።

እንድርያስ ሊያመሰግን አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።