ለማንም ያልተሰጠው ቁጥር

«ወዲህ በያት እስቲ፣ ይሄ የወንድ ሥራ ነው» አለና የአክስቷ ልጅ የኪስ ዋይፋይዋን ከታናሺቱ እጅ ወሰዳት። ዘመድ አዝማዱ ኢንጂነሩ ይለዋል። የተማረው የሒሳብ ሥራ ነው፤ ስሙ የወጣለት እጁ የገባውን ዕቃ ሁሉ ስለሚፈታ ነው። የሚገጥመው ሌላ ሰው ነው። ግማሽ ሳሙና የምታህለውን ዕቃ ገለባበጣት፣ ክዳኗን በጥፍሩ ፈልቅቆ ባትሪዋን አወጣ፣ ሲም ካርዷን አወጣ፣ ሁሉንም ጉልበቱ ላይ ደርድሮ ትክ ብሎ አያቸው።

«ተበላሽታለች» አለ በመጨረሻ።

«ምንም አልሆነችም። ባትሪዋ አልቆ ነው። እማዬ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ማን ቻርጅ አደረጋት?»

ታናሺቱ ዕቃዎቹን ከጉልበቱ ላይ ለቃቅማ ሲሙን በቦታው መለሰች፣ ባትሪውን ገጠመች፣ ቻርጀሩን ሰካች። ቀይ መብራት በራ። ኢንጂነሩ «እኔም እሱን ልል ነበር» ብሎ ሻዩን አነሳ።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ከጎረቤት የተሰበሰቡ የፕላስቲክ ወንበሮች የሳሎኑን ግድግዳ ይዘው ተደርድረዋል፤ የእናትየው የስፌት መኪና አንሶላ ለብሶ ጥግ ተገፍቷል። ሻይ በፔርሙስ ይመጣል። ለቅሶ ደራሹ «ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፣ ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ይቆይና ስለ ቤት ኪራይ ወሬ ይጀምራል። መቼም የሰው ልጅ ብዙ ዝም ብሎ ማዘን አይሆንለትም።

ዋይፋይዋ የተፈለገችው ለታናሺቱ ወንድም ነው። ከሦስቱ ልጆች የመጨረሻው ነው፤ የጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ይሠራል። የእናቱን ሞት የሰማው ባሕር መሃል ሆኖ ነው። ዛሬ ከሰዓት መርከቡ ወደብ ደርሶ፣ ዕቃ አራግፎ፣ ማታውኑ ተመልሶ ይወጣል። «በቪዲዮ እደውላለሁ፣ ቤቱን አሳዩኝ። ካላየሁ አላምንም» ብሎ ጽፏል። ታናሺቱ ያቺን መልእክት ደጋግማ አንብባታለች። ልጁ ብቻውን፣ ብረት ለብረት ሲጋጭ በሚውልበት ቦታ፣ እናቱን ሊያለቅስ ነው።

ሌላም የቆረጠችው ነገር አለ። ማምሻውን ለቅሶ ደራሹ ሲወጣላት ታላቅ እህቷን ከቤት ታስወጣታለች። ቃሉን ሁለት ሌሊት ስታመላልሰው አድራ አጥርታዋለች፦ «በቁሟ ያላየሻትን ሞታ ያለቀስሽላት ይበቃል። ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይሽ።»

ታላቂቱ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ነች። ቀብሩ ዕለት መጥታ እዚያች ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪ አላላትም። ሻይ ካልሰጧት አትጠይቅም። ሰው ሲበዛ ተነስታ ወንበሯን ትለቅና ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። አክስትየው ግን ሦስቱንም ቀን ሥራ በዝቶባታል፤ ሬዲዮ የሚለውን ቅጽል ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው፣ ነፍሱን ይማርና።

«አየሻት?» ትላለች ለአዲስ ገቢ ሁሉ፣ በሹክሹክታ፣ ግን ወዲያ ማዶ በሚሰማ ሹክሹክታ። «ይቺ እኮ ናት ስድስት ዓመት የእናቷን ደጅ ያልረገጠችው። እንባው ደግሞ ሲወርድ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር፤ አንዷ አስታማ ቀበረች፣ አንዷ ለእንባው ደረሰች።»

ታላቂቱ ትሰማለች። ቀና ብላ አታይም።

እንዲህ ነው ነገሩ። እናትየውና ታላቂቱ በዚህ ሳሎን ውስጥ ሁለት መኪና ፊት ለፊት አድርገው ይሰፉ ነበር። ታናሺቱ ያደገችው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የክር ቁርጥራጭ እየለቀመች ነው። አንድ ቀን ታላቂቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት የራሷን ሱቅ ከፈተች። መክፈቷስ ባልከፋ፤ የሙሽራ ልብስ የሚያሰፉት ደንበኞች ተከትለዋት ሄዱ። እናትየው «በሰጠኋት መርፌ ወጋችኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን በቤቱ የሚያነሳ ጠፋ። ታናሺቱ ፋርማሲ ትሠራለች፤ በየጠዋቱ አውቶቡስ የምትይዘው እዚያው ሱቅ ፊት ለፊት ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጀርባዋን ለሱቁ ሰጥታ ትቆማለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በፀሐይም በዝናብም ጀርባዋን እንደሰጠች ናት።

እናትየው ስትታመም የማጠቡም፣ የማጉረሱም፣ መድኃኒት በሰዓቱ የመስጠቱም ነገር በታናሺቱ ወደቀ። አንድ ምሽት እናትየው ግድግዳውን እያየች «እህትሽን ብንጠራትስ?» አለች።

«እሷ በዚህ በር ከገባች እኔ በዚሁ በር እወጣለሁ።»

እናትየው ውሃ ስጪኝ አለች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንዲት ወጣት ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ገባች። ገና ያገባች ሙሽራ ነች። ከታናሺቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ቀሚሴን ያያችሁት እንደሆነ!» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «የእጅጌው ጥልፍ፣ የወገቡ አያያዝ! እማማ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መርፌ ቀዳዳ እንኳ መለየት አቅቷቸው፣ ቃሌን አላጥፍም ብለው ጨረሱልኝ።» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ታናሺቱም በእናቷ ኮራች። ቀሚሱ ያለቀ ቀን ከሥራ ስትገባ ነጩ ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቅሎ አግኝታ፣ «መቼ ጨረስሽው?» ብትላት እናትየው «ቀስ ስል ዋልኩ» ነበር ያለቻት። በነጋታው ፋርማሲ ውስጥ ለደንበኛ ሁሉ እናቷን ስታወድስ ዋለች።

ታላቂቱ ብድግ ብላ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

የዋይፋይዋ ቻርጅ ሞላ። ታናሺቱ በስልኳ የወሩን ፓኬጅ ሞላችላት፣ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው መስኮቱ ላይ ስለሆነ እዚያ አስቀመጠቻትና ማብሪያዋን ተጭና ያዘች። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ኢንጂነሩ አንገቱን አስግጎ «አሁን ትፈልጋለች፣ ስታገኝ አረንጓዴ ይሆናል» አለ፤ ይሄን እንኳ አወቀ።

አረንጓዴ ሆነ።

ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ የዋይፋይዋን የይለፍ ቁጥር ብትነግሪኝ... የኳሱን ውጤት ብቻ አይቼ እመልስልሻለሁ።»

ለቅሶ ቤት ባይሆን ሰው ይስቅ ነበር፤ ሁለት ሦስቱም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ዋይፋይዋን ለእናቷ የገዛችላት ታናሺቱ ናት፣ ደንበኞች የሚፈልጉትን ሞዴል በፎቶ እንዲልኩላት። እናትየው ግን ቁጥሩን ለጠየቃት ሁሉ ሰጠች። «ምን ይጎድልብኛል፣ ዕቃዋ እንደሆነ አትበላ አትጠጣ!» የዳቦ ጋጋሪው ቤተሰብ በሙሉ ፊልም ሲያይባት የወር ፓኬጅ በሳምንት አለቀ። ታናሺቱ ተናደደች። እናቷ ታማ ከተኛች በኋላ ነበር ቁጥሩን የቀየረችው። «አሁን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን፣ እማዬ። ለማንም እንዳትሰጪ።» እናትየውም «ለማን እሰጣለሁ፣ ልጄ?» አለች።

«ይቅርታ ጋሼ» አለችው አሁን። «ወንድሜ ሊደውል ነው፣ ሰው ከበዛባት ትደክማለች። ቁጥሩን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለማንም አልተሰጠም።»

ይሄን ተናግራ አፏን ሳትዘጋ ከጓዳው በር ላይ አንድ ስልክ ጮኸ። መልእክት ነው። ወዲያው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ እንደሚቆላ ቆሎ ተንጣጣ። ታላቂቱ ናት፤ ብርጭቆ አጥባ እየተመለሰች ነበር። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ ልታፍነው ሞከረች፤ ስልኩ የሦስት ቀኑን መልእክት እያወረደ አልሰማ አላት።

«እንዴት ነው ነገሩ?» አለች ሬዲዮ፣ በዚህ ጊዜ ሳታንሾካሹክ። «የሷ ስልክ ቤቱን ያውቀዋል እንዴ?»

ታናሺቱ ተነሳች። ታላቂቱን ክንዷን ይዛ ወደ እናትየው መኝታ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ስልክሽን አሳዪኝ።»

አሳየቻት። ከዋይፋይዋ ጋር ተገናኝቷል ይላል።

«ይሄ ቁጥር ከተቀየረ ሦስት ወር አልሞላውም» አለች ታናሺቱ። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ማን ሰጠሽ?»

ታላቂቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ራሷ ናት። ደንበኞቿ የላኩላትን ሞዴል ወደኔ ስልክ ታሳልፍልኝ ነበር። አንቺ አውቶቡስ ስትሳፈሪ ከሱቁ አይሽና እመጣለሁ፤ ሳትመለሺ እወጣለሁ። የተቀበለቻቸው ሥራዎች ነበሩ፣ ‹ሳልጨርስ ብሞት ሰው ምን ይለኛል› አለች። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ተኝታ ታርመኛለች። እንደ ድሮው ናት፤ አንድ እጅጌ ሦስት ጊዜ አስፈትታኛለች።»

«የሙሽራዋ ቀሚስ?»

ታላቂቱ በአዎንታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«በየት ነበር የምትገቢው?»

«በጓሮ።» ትንሽ አመነታች። «‹እህትሽ በዚህ በር ከገባች ነው ያለችው፣ ስለ ጓሮው አልተናገረችም› አለችኝ እማዬ።»

ታናሺቱ ሳቋ መጣ፤ የእናቷን ድምፅ ሰማችው። ሳቁ ግን መሃል መንገድ ላይ ተሰበረና እያለቀሰች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ያመማት የእህቷ መምጣት አልነበረም። እናቷ፣ ያቺ ለመንደሩ ሁሉ ቁጥር የምታድል ሴት፣ በገዛ ቤቷ የገዛ ልጇን በጓሮ ስታስገባ፣ ታናሺቱ ከሥራ ሳትመለስ የክር ቁርጥራጩን ስታስለቅም፣ «ቀስ ስል ዋልኩ» ስትል ታያት። ከማን ነው የተደበቀችው? ከሷ ነው።

«ፈርታኝ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ፈርታሽ አይደለም። አንቺ እንዳትሄጂባት ነው። ‹እሷ ከከፋት ምን ቀረኝ? ቆይ፣ ልቧ ሲበርድ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ› ትለኝ ነበር። ቀኑ ቀደማት እንጂ።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ አክስቴ እንደዚያ ስታወርድብሽ አፍ የለሽም? አንድ ቃል ብትናገሪ ምን ነበረበት?»

«ምን ልበል?» አለች ታላቂቱ። «‹ያስታመመቻትን ልጅ እናቷ ትደበቃት ነበር› እንዲሉሽ ነው? አንቺ ነሽ የደከምሽላት። እኔን ቢያሙኝ ለምዶብኛል።»

ታናሺቱ ሁለት ሌሊት ያጠራችውን ቃል ፈለገችው። አንዱም አልመጣላትም። እህቷን አየቻት፤ ጸጉሯ ከጆሮዋ በላይ ሸብቷል። ስድስት ዓመት ጀርባዋን ስትሰጥ ይሄን አላየችም።

የታናሺቱ ስልክ ጮኸ። የወንድማቸው ፊት መጣ፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፣ ጉንጩ ላይ የሞተር ዘይት አለ፣ ከጀርባው የሚያጓራ ነገር አለ። «እማዬ ክፍል ናችሁ?» አለ። ታናሺቱ ስልኩን እያዞረች አሳየችው፤ ቁም ሳጥኑን፣ የእናታቸውን መነጽር፣ የተነጠፈውን አልጋ። ልጁ አልጋውን ሲያይ «ማን አነጠፈው?» አለና እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰፊ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስልኩም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ትንሽ ሲረጋ ዓይኑን በቱታው እጅጌ ጠረገ። «እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ? ሰው አጠገብሽ የለም?»

ታላቂቱ እንዳትታይ ወደ አልጋው ጫፍ ሸሽታ ነበር። ታናሺቱ በአንድ እጇ የቀሚሷን እጅጌ ይዛ ሳበቻት።

«ጠጋ በይ» አለቻት። «አትታዪም።»

ታላቂቱ ጠጋች። ትከሻ ለትከሻ ተገናኙ። ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ መጀመሪያ ምስሉ ቆሞ የቀረ መስሏቸው ነበር፤ ለካ እሱ ነው ያልተንቀሳቀሰው። ከዚያ ሦስቱም እያለቀሱ ተያዩ። የታናሺቱ ክንድ ስልኩን እንደዘረጋ ዛለ፣ ማጠፍ ግን አልፈለገችም። ታላቂቱ መዳፏን ከክርኗ ሥር አስገብታ ደገፈችላት። ታናሺቱም የክንዷን ክብደት ቀስ ብላ ለቀቀችው።