ፓሎሚኖው የተቆረጠ ለት

ከሲል ወንዝ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው የወይን ቦታ የዴልሚሮ የእጅ ሥራ ነበር። እርከኑን የካቡት፣ ጥቁሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ በዶማ እየፈነቀሉ ችግኙን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ዘሩ ፓሎሚኖ ነው፤ ከደቡብ የመጣ፣ ዘለላው የላም ጡት የሚያህል፣ ቅርጫት ለመሙላት የማይለግም። በትውልድ አገሩ፣ በነጩ አፈርና በጠራራው ፀሐይ፣ እንደ ጌታ ይከበራል። በዚህ በዝናብ አገር ግን የወይን ጠጁ ውሃ ውሃ ይላል። ሰዉ ይህን ያመነው ዘግይቶ ነው። አሁን መንደሩ በሙሉ ወደ ጥንቱ ዘር፣ ወደ ጎዴዮ ተመልሷል። የመንደሩን ወይን የሚገዛው ማኅበርም ከዚህ ወዲያ ፓሎሚኖ እንደማይረከብ ቁርጡን ተናግሯል።

ዴልሚሮ ከገና ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ ለልጃቸው ለኦብዱሊያ፣ ለወይን ለቀማው እንደማይደርሱ ደጅ ላይ ቆሞ ነግሯታል። እሷም በብርዱ ወራት አንድ ቀን፣ ትራሳቸውን እያስተካከለች ነገሩን አነሳችላቸው፤ ግንዶቹ አንገታቸው ላይ ተቆርጠው የጎዴዮ ቀንበጥ ቢሰካባቸው ሥሩ እንደማይጠፋ ነገረቻቸው።

«እኔ ስሞት ታደርጊዋለሽ» አሉ አባቷ። «ብዙ አላስጠብቅሽም።»

ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። መጋቢት ገባ፤ ምድሩ ሞቀ፤ ግንዶቹ ውስጥ ውሃ መውጣት ጀመረ። ቀንበጥ የሚሰካው የአጎቷ ልጅ ኤላዲዮ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራት።

«በእርጥብ አሸዋ ያቆየኋቸው ቀንበጦች ዓይናቸውን ሊገልጡ ነው። እነሱ አባትሽን አይጠብቁም።»

«አንተ መቼም መቸኮል አይለቅህም። ሚስት እንኳ ያገባኸው በችኮላ ነው።»

«እሱንማ እሷም እስከ ዛሬ ትነግረኛለች።» ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እስቲ ዙሪያሽን ተመልከቺ። የባሕር ዳር ሰዎች አልባሪኞ የሚባል ወይን አላቸው፤ ኮምጠጥ ብሎ ከዓሣ ጋር የሚሄድ። የሜዳው ሰዎች ቨርዴሆ አላቸው፤ አሁን የታጨደ ሣር የሚሸት። እኛ ሳይደርቅ የተረፈልን አንድ ጎዴዮ ነው። አንቺ ደግሞ ምን አለሽ? የአባትሽ ኩራት።»

«የአባቴ ኩራት ነው ያሳደገኝ» አለችው።

«አሳድጎሻል። ዘንድሮ ካለፈሽ ግን በሚቀጥለው መከር ለማን ልትሸጪ ነው?»

መሬቱን መልቀቅ አትፈልግም፤ አባቷም ተቀይመዋት እንዲሞቱ አትፈልግም። ሁለቱን አንድ ላይ የምትይዝበት መንገድ ሌሊቱን ስታስብ አድራ አጣች።

በማግስቱ አባቷን ለጎረቤት አደራ ብላ መጋዟን ይዛ ወጣች። ከመጀመሪያው ግንድ ጀምራ አንድ በአንድ ቆረጠች። በጸደይ የተቆረጠ ወይን እንባ ያፈሳል። ከየቁራጩ አናት ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ በቅርፊቱ ወረደ፤ እጇን አራሰ፤ ድንጋዩን ይበልጥ አጠቆረ። እኩለ ቀን ላይ ቀና ስትል የላይኛው እርከን በሙሉ ጉቶ ሆኖ ቆሟል።

ቤት ገብታ ሽርጧን ለወጠች፤ እጇን ታጠበች። የጎመንና የድንቹን ሾርባ ይዛ አልጋው አጠገብ ስትቀመጥ አባቷ ማንኪያውን ትተው እጅጌዋን ያዙ። እርጥቡን ጨርቅ በሁለት ጣት ጨመቅ አደረጉና ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ዝናብ ጥሏል እንዴ?»

«አልጣለም፣ አባባ።»

ጣታቸውን ደግመው አሸተቱ። እሷም መዋሸት አልቻለችም።

«ቆረጥኳቸው» አለች። «የላይኛውን እርከን።»

እጅጌዋን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሾርባው ቀዘቀዘ። ሳህኑን አንስታ ወጣች። ወጥ ቤት ቆማ፣ ዝምታቸው በዚሁ ቢቀር ዕድሜዋን ሙሉ እንዴት እንደምትሸከመው አሰበች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጠሯት። ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

«ቀንበጡን መቼ ልትሰኩ ነው?»

«ነገ ጠዋት።»

«ይሄ የኤላዲዮ ችኮላ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ስንቱን ግንድ ገደለ።» ትንፋሻቸው አጠረና ትንሽ አረፉ። «ነገ ከሰካችሁ እንባው ያሰጥመዋል። አንድም አይዝላችሁም። ተዉአቸው፣ ያልቅሱ። ከታች፣ ግንዱ ሥር፣ ግራና ቀኝ በቢላ ጫር አድርጊላቸው፤ ውሃው በዚያ ይውጣ። ሲያባራ ያን ጊዜ ትሰኪያለሽ።»

«ፈቀዱልኝ ማለት ነው፣ አባባ?»

«አልፈቀድኩም።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «ከቆረጥሽ በኋላ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል? እኔ በተከልኩት ሥር ላይ ግን ቀንበጥ አይሞትም።»

ኤላዲዮ ይህን ሲሰማ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ቀንበጦቹን ወደ አሸዋው መለሰ። ኦብዱሊያ እያንዳንዱን ግንድ ጎንበስ ብላ ጫረች። ማታ ማታ እየሄደች የጉቶዎቹን አናት በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ስትመለስ አባቷ «አሁንም?» ይሏታል፤ «አሁንም» ትላቸዋለች።

ጉቶዎቹ ሳይደርቁ ዴልሚሮ ሞቱ። ቀብራቸው በተፈጸመ ማግስት አናቱን ስትዳስስ መዳፏ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ጥቁር ልብሷን ሳትቀይር ኤላዲዮን አስጠራችው። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው አዩዋት፤ አንዷ አማተበች። እሱ ግንዱን እየሰነጠቀ፣ እሷ ቀንበጡን እያሰረችና በጭቃ እየመረገች እስከ ማታ ሠሩ። ኤላዲዮ ሳይተርብ የዋለበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ አብዛኛው ቀንበጥ ይዞ ነበር። አንድ ግንድ ላይ ግን የጎዴዮው ቀንበጥ ገና ሁለት ቅጠል ሳያወጣ ከታች ፓሎሚኖው አቆጥቁጦ፣ ወፍራምና ለምለም ሆኖ ወደ ላይ ይገሰግሳል። ኦብዱሊያ ፊቱ ተንበረከከች። ቅጠሉን በጣቷ ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው።

«ምግቡን እየወሰደበት ነው» አለ ኤላዲዮ ከኋላዋ፣ ቀስ ብሎ። «ከፈለግሽ እኔ ላንሳው።»

«አንተ ተወው፣ እኔው ነኝ የማነሳው» አለች። አውራ ጣቷን ከፓሎሚኖው ቀንበጥ ሥር አስገብታ ገነጠለችውና ወደሚቀጥለው ግንድ አለፈች።